ለአይጥ የነገርኩት የአባባ መድኃኒት

ለአባባዬ፣

እንዴት ሰነበቱ አልልም፤ እዚያ ሕመም የለም ይላሉ። ከተለዩን ሰባተኛ ወራችንን ያዝን። እኛ ደህና ነን፣ ከታላቅ ልጅዎ ከአጎቴ ከጋሼ ሞላ በቀር። እሱ ደህና ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ላሟ ጥጃ ወልዳለች። እርስዎ የሰው ቁስል ያጥቡበት የነበረው በረንዳ ላይ አሁን ጋሼ ሞላ ጋቢዎን ደርቦ ይቀመጣል። ከሐሙሲት ድረስ ሰው ሲመጣ «እህ፣ የቱ ጋ ነው ያመመሽ?» ይላል። ሳልዎን ሳይቀር ወርሷል። መድኃኒቱን ብቻ ነበር ያልወረሰው።

ቆይ ግን፣ ለምን ለእኔ ነገሩኝ? የመድኃኒት ምስጢር ለታላቅ ልጅ እንደሚነገር አገር ያውቃል። እርስዎ ግን ታላቅ ልጅዎን «ውሃ አምጣ» ብለው አስወጡና፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጆሮ ላይ መድኃኒትዎን ሁሉ ዘርዝረው፣ በመጨረሻም «ለቁስል አረንጓዴውን እምቧይ ነው፤ ቢጫውን አትንኪ። ለሰው ከተናገርሽ ይረክሳል» ብለው አረፉ። እሱ ውሃውን ይዞ ሲመለስ እርስዎ የሉም። ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር ገበያ በወጣ ቁጥር «አባቴ አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል» እያለ ያወራ ነበር።

በኋላ ሰናይት የምትባል ወጣት መምህርት ከዩኒቨርሲቲው መጣች። የእናቷን የእግር ቁስል አድነውላት ነበር አሉ። «የእሳቸውን እምቧይ በቤተ ሙከራ ልፈትሸው» አለች። ጋሼ ሞላ ደረቱን ነፍቶ አንድ ጆንያ ለቅሞ አመጣ። ቢጫ! የበሰለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለሰርግ የተመረጠ የሚመስል ቢጫ። እኔም ጆንያውን አብሬው አሰርኩ።

የሚቀባው አይጥ መሆኑን ጋሼ ሞላ ሲሰማ ጉድ ፈላ። «ታዲያ እኛ ድመት የምናሳድገው ለምንድን ነው? የአባቴ መድኃኒት ለአይጥ?» ሰናይት በትዕግሥት አስረዳችው። አይጦቹ ነጫጭ ናቸው፤ እንዳያማቸው ደንዝዘው፣ ጀርባቸው ተላጭቶ ትንሽ ቁስል ይደረግባቸዋል። ግማሾቹ ባዶ ቅባት፣ ግማሾቹ እምቧይ የገባበት ይቀባሉ፤ የማን ቁስል ቀድሞ እንደሚገጥም በየጊዜው ይለካል። እሱ በጥሞና ሰምቶ ሰምቶ «ይጾማሉ?» አላት። መድኃኒቱ የሚሠራው በጾም ነው ብሎ እኮ ነው! ሰናይት ደብተሯ ላይ ልትጽፈው ምንም አልቀራት።

ውጤቱን መገመት አያቅትዎትም። እምቧይ የተቀቡትም ባዶ ቅባት የተቀቡትም አንድ ሆኑ። ሰናይት ከፍቷት መጣች፤ ሙከራው እዚህ ላይ ከተዘጋ «ፍሬው ቁስል አያድንም» ተብሎ ይጻፋል አለች። አርባ ዓመት ሰው ያዳኑበት እጅ በአንድ መስመር ሊሰረዝ! ጋሼ ሞላ ምን አለ መሰለዎት? «ቅባታችሁ ነው ያበላሸው።»

አባባ፣ ያን ቀን በእርስዎም ጭምር ተናደድኩ። ብናገር ይረክሳል፣ ዝም ብል ይጠፋል፤ ልጅን እንዲህ አጣብቂኝ ውስጥ ከትቶ መሄድ ደግ ነው? ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። በሦስተኛው ያሉኝን አንድ በአንድ አስታወስኩ። «ለሰው» ነው ያሉት።

ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ሰናይት ሄድኩ። ጋሼ ሞላም «ብቻሽን የት አባሽ!» ብሎ ተከተለኝ። አይጦቹ ያሉበት ክፍል ገብቼ ከአንዷ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

«ስሚኝ እትዬ አይጥ» አልኳት። «አባባ ቢጫውን ነክተውት አያውቁም። አረንጓዴውን ነው የሚቆርጡት፣ ገና ዝንጉርጉር ሳለ።»

አይጧ ጢሟን ነቀነቀች። ከኋላዬ የሰናይት እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ሰማሁ።  ዞር ስል የጋሼ ሞላ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ላንቺ ነው የነገረሽ?»

ከትከሻው የተንሸራተተውን ጋቢዎን መልሼ ደረብኩለት።

በማግስቱ አረንጓዴውን ሊለቅም የወጣው እሱ ራሱ ነው። እያንዳንዷን እያነሣ «ይህችስ?» እያለ፣ እንደ ተማሪ። በዚያ የተቀቡት አይጦች ቁስል ከሌሎቹ ቀድሞ ገጠመ። ሰናይት ይህ የአይጥ ነው፣ ለሰው ገና ብዙ ይቀረዋል ብላለች፤ ያቺ ክፉ መስመር ግን አልተጻፈችም። ከዚያ «የዕውቀቱ ባለቤት ማን ተብሎ ይጻፍ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ሞላ ቀድሞኝ አፉን ከፈተ።

«የአባቴን ስም ጻፊ» አለ። «እኔማ የማውቀው ቢጫውን ነው።»

እረሳዎታለሁ ብለው አያስቡ። እምቧይ በየአጥሩ ሥር ሞልቷል፤ ልርሳዎት ብል እንኳ ከቤት አለመውጣት ሊኖርብኝ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ የቀረውን መድኃኒት ሁሉ ለጋሼ ሞላ እየነገርኩት ነው፣ በአይጥ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት። ይረክሳል ካሉ፣ መጥተው ይቆጡኝ።

የልጅ ልጅዎ