የሰው መኪና

ሐሙስ፣ ሰኔ 11 ከሰዓት

የኔ ለፍላፊ፣ የኔ ጉልበት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ አልከበደሽም? እኔማ ከሰኞ ወዲህ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኛለሁ። አባትሽ ታስሯል። አትደንግጪ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ።

ስለ መኪናው በስልክ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን? የላውንደሪዬን ትርፍ ነዳጅ ጠጥቶ ጨረሰው፣ የኤሌክትሪክ ልያዝ ስልሽ፣ ግዢ እንጂ አልሽኝ። ኪራይ በወር ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ሦስት ዓመት ከፍለሽ ግን አንድ ጎማ እንኳ አይቀርልሽም አልሽ። ሒሳቡ ልክ ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ፤ ለሚቆይ ሰው መግዛት ይረክሳል። እኔ ግን ስደምር አባትሽንም ጨምሬ ነው። በስሜ የገባ ዕቃ መቼ ከርሞልኝ ያውቃል? የመጀመሪያውን ማጠቢያ ማሽን በመዶሻ ፈለጠው፣ ሁለተኛውን ሸጦ ጠጣበት። ከቤቱ ከወጣሁ ስምንት ወር ቢሆነኝም እጁ መች ከላዬ ወረደ። ስለዚህ ተከራየሁ። እሱ ገዛች ብሎ ደመደመ፤ እኔም አላረምኩትም።

ሰኞ ጠዋት የሆቴሉን አንሶላ ጭኜ ልወጣ ስል ፌሮ ይዞ ግቢው በር ላይ ቆሟል። እሱ በእግሩ እየኳተነ እኔ በገንዘቡ እንደምንሸራሸር ሰፈሩ እስኪሰማ ለፈፈ። የመኪናውን በር ቆለፍኩ። ግራውን መብራት አደቀቀ፣ ከዚያ ቀኙን፣ በተራ በተራ፣ እንደ ደንበኛ ሠራተኛ። ቀጥሎ ኮፈኑ ላይ ወጥቶ የፊት መስታወቱን ይወቅጠው ጀመር። በሦስተኛው ምት መስታወቱ ጭኔ ላይ ረገፈ፤ ፌሮው ተከትሎ ገብቶ ክንዴን አገኘው። ፍርሃቴ እዚያው ጥሎኝ ሄደ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቼ ረገጥኩት። ይኼ መኪና ድምፅ የለው፣ ሞተር ሲያጓራ ሰምቶ አይዘጋጅ! እንደ እርጥብ ጆንያ ተፈጠፈጠ። ሁለት ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ቀረ። ሊነሳ ሲል ወርጄ በቻርጅ ገመዱ ጀርባውን ገረፍኩት፤ ጫፉ እንደ ዘነዘና ይከብዳል። አንዴም አይደለም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ወገቤን ይዛ ባትጎትተኝ ዛሬ የታሰርኩት እኔ ነበርኩ። "ተይው አንቺ፣ ይበቃዋል" ትለኛለች፤ እሷው ደግሞ በእግሯ ታክልበታለች።

ፖሊስ ተጠራ። የመጣው ያ ወፍራሙ ነው፤ የጎድን አጥንቴ የተሰበረ ጊዜ፣ አንቺ በአሥራ አራት ዓመትሽ ደግፈሽ የወሰድሽኝ ጊዜ፣ የባልና የሚስት ነገር ነው፣ ታረቁ ብሎ የመለሰን። አባትሽ አፉን ደም ሞልቶት እንኳ ኩራቱ አልጎደለም።

"የገዛ ንብረቴን ነው የሰበርኩት። የሚስቴ የኔ ነው፣ ጻፈው" አለ።

ጻፈው። አስፈረመው። ይኼኔ የኪራይ ውሉን አውጥቼ ሰጠሁት። ፖሊሱ ሁለቴ አነበበና ቀበቶውን ከፍ አደረገ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ የሰው መኪና ነው" አለው። ካቴናው ወዲያው ወጣ።

ከቀትር በፊት የአከራዩ ድርጅት ሰው ከነጠበቃው ደረሰ። ከፖሊሱ ጋር መኪናውን እየዞሩ ሁለት መብራት፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ኮፈን ብለው መዘገቡ፤ ጭረቷን ሳይቀር በሜትር ለኩ። ክንዴን ያሰረችልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። ምነው ያኔ እኔንም አንድ ድርጅት ባከራየኝ ስላት እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ ሌላ መኪና ሰጡኝ፣ በግራ እጄ እየነዳሁት ነው። ጠበቃው ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች አይፈረድበትም ይላል።

እንግዲህ ሰባት ዓመት ያልመጣሽበት ምክንያት ተቆልፎበታል። ነይ በይኝ ካላልሽ አልጠራሽም፤ ሥራ ይኖርሻል፣ ሕይወት ይኖርሻል። አልመጣም ብትዪም አልቀየምሽም። ብቻ እሱን ፈርተሽ አይሁን።

የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የነካሽው ይባረክልሽ፣ እጁን የሚያነሳብሽ አይግጠምሽ።

እናትሽ