የአስገር ሚስማር

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ያዘህ? አንተ ያለህበት ሰሜን ኖርዌይ ፀሐይ ጭራሽ የማትወጣበት ወቅት እየተቃረበ ነው ይላሉ፤ እንግዲህ አንተና ሳልሞን ዓሣዎችህ በጨለማ ስትደናበሩ ልትከርሙ ነው። እኛ እዚህ ደሴታችን ላይ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማ ማንም ያልተኛበትን የአልጋህን አንሶላ በየሳምንቱ ትቀይራለች። ለምን ስላት ድመቷ ስለምትተኛበት ነው ትለኛለች። ድመቷ የምትተኛው እኔ እግር ሥር ነው።

ስልክ ስለማታነሳ ነው የጻፍኩት። የደብዳቤን ድምፅ ማጥፋት አይቻልም። ሳትጨርስ ብታስቀምጠው ደግሞ አውቅብሃለሁ፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ከቀላሉ ልጀምር። ጋሼ ፕሬበን አዲስ ሸራ አሰፍተዋል። ሸራው ከጀልባቸው ይበልጣል፣ ጀልባቸው ደግሞ ከችሎታቸው። ነፋስን በአፍንጫዬ አሸታለሁ ማለታቸውን አሁንም አልተዉም። በቀደም ዕለት ወደቡ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከምዕራብ ይመጣል ብለው ሲያሸቱ ከምሥራቅ መጥቶ ባርኔጣቸውን ይዞት ሄደ። እትዬ ቢርተ እንደ ሁልጊዜው የጀልባ ክበቡ ወጥ ቤት ንግሥት ናቸው፤ ሳይፈቀድለት ሰናፍጩን የነካ ሰው ጭልፋ ያርፍበታል።

አያታችንን በተመለከተ፣ እንደ ድሮው ናቸው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። አይደሉም።

ድሮ እንዴት እንደነበሩ ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ግን መጀመሪያ ትንሽ መሳቅ እፈልጋለሁና ታገሰኝ። የክበቡ ሊቀ መንበር ሆነው ሳለ፣ ሳይጠየቁ የሰው ጀልባ ላይ ወጥተው የሰው ገመድ የሚጠቀልሉ። በር ላይ የእንግዳ ጫማ ካዩ ማሰሪያውን ሁለቴ ጠምጥመው ጫፉን ከሥር የሚሸጉጡ። የሻይ ከረጢቷን ክር እንኳ በኩባያው ጆሮ ላይ ሁለቴ ጠምጥመው ጫፏን ሳይሸጉጡ አንድ ጉንጭ የማይቀምሱ። ሁሉም ነገር ቦታ አለው፣ ነው ነገራቸው። የሚያስቀው ግን እጃቸው እሳቸውን ሳያማክር መሥራቱ ነው። ያኔ የእማን የአንገት ልብስ ከወንበር ላይ አንስተው፣ ጠምጥመው፣ ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ከዚያ ዞር ብለው «ማነው ይሄን እዚህ የሰቀለው?» ብለው ሲቆጡ፣ አንተ ሳቅ አፍኖህ ከቤት የወጣኸው ትዝ ይልሃል? እማ አንድ ቀን እኔንም ይሰቅሉኛል ብላ ነበር።

የጉሙ ቀን ውድድርስ? ጉም ውስጥ ብቻቸውን ሲዞሩ የጀልባቸው ጎን ተንሳፋፊውን ምልክት ላስ አድርጎት አለፈ። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ፣ ካንዲት የባሕር ወፍ በቀር። ምልክት የነካ ሰው ጀልባውን ሙሉ ዙር አዙሮ ራሱን ይቀጣል፤ እሳቸውም ለማንም ሳይታዩ ዞሩ፣ ዋንጫውን ጋሼ ፕሬበን ወሰዱት። ይኸው እስከ ዛሬ ቢራቸውን የሚጠጡት በሱ ነው። አንተ ታዲያ ማን አየዎት ብለህ ስትጠይቃቸው፣ «እኔ ነበርኩ እኮ እዚያ» ነበር ያሉህ።

እዚህ ላይ ሳቄ አለቀ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የክበቡ ኮሚቴ በውድድሩ ቀን ባሕር ለወሰደው ለጓደኛህ ለአስገር እናት፣ ለእትዬ ሊስቤት፣ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ከከተማ የመጣው መርማሪ የክበቡን የቁጥር ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ፣ መነጽሩን ወልውሎ የደረሰበት ይህ ነው አሉ፦ ወደ ባሕር የሚወጣ ሁሉ የነሐስ ቁጥሩን ከሰሌዳው አንስቶ አንገቱ ላይ ያጠልቃል፤ ሲመለስ ሚስማሩ ላይ ይመልሰዋል። ባዶ ሚስማር ካለ ባሕር ላይ የቀረ ሰው አለ ማለት ነው። በዚያ ቀን ባዶ ሚስማር አልነበረም። ስለዚህ አስገር ቁጥሩን ሳያነሳ ነው የወጣው። ባጭሩ ጥፋቱ የሟቹ ነው፤ ግን በማኅተምና በአዘኔታ።

እትዬ ሊስቤት ደብዳቤውን ይዘው እማ ዘንድ መጡ። አላለቀሱም። ልጄ ብዙ ነገር ይረሳል፣ ቁጥሩን ማንሳት ግን ረስቶ አያውቅም አሉ። እማ አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እውነታቸውን ነው አልኩ በሆዴ። አስገር የሚረሳው ካነሳው በኋላ ነው። ጃኬቱን ሊቆልፍ ቁጥሩን ሰሌዳው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጥሩንባው ሲነፋ ጥሎት ይሮጣል። ስንቴ ከኋላው ሮጠህ አንገቱ ላይ አጥልቀህለታል! ያን ቀን ግን አንተ በነፍስ አድን ጀልባዋ ቀድመህ ወጥተህ ነበር።

ወሬው ደግሞ ላንተ ተረፈ። ጋሼ ፕሬበን ሱቅ ውስጥ ቆመው፣ የነፍስ አድን ሰው የሚቆጥረው የጀልባ ምሰሶ ነው እንጂ ሚስማር አይደለም አሉ። እሳቸው ነፋሱ ሲበረታ ከሁሉ ቀድመው ገብተው ሾርባ ላይ እንደነበሩ ማንም አላነሳባቸውም። አስገር ውሃው ጠቆር ያለበትን፣ ነፋሱ የሚበረታበትን ጎን መርጦ ብቻውን ከትንሿ ደሴት ማዶ እንደሄደ፣ ከወዲህ ሆኖ ምሰሶውን ማየት እንደማይቻልም አላነሱም። አንተም አልመለስክላቸውም። ውድድሩ ሲቋረጥና ሁሉም በየፊናው ሲገባ፣ ዝናቡ ውስጥ ሮጠህ መጥተህ ሰሌዳውን አየህ፤ ሚስማሩ ሁሉ ሙሉ ነበር፤ አስገር ወደ ቤቱ የሮጠ መስሎህ ጀልባዋን ወደ የብስ ጎተትካት። ለመርማሪው የነገርከው ይህንኑ ብቻ ነው። ሌላ ያየኸው ነገር አለ ወይ ሲልህ፣ የለም አልክ። ከቀብሩ በኋላ ሻንጣህን ይዘህ መርከቧ ላይ ስትወጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ፈሪ ብዬ ጮህኩብህ። ዞር እንኳ አላልክም።

በጥቅምት መጨረሻ የክበቡን ባንዲራ የምናወርድበት ቀን ደረሰ። መድፏ ተተኮሰች፣ የእትዬ ቢርተ ቢጫ የአተር ሾርባ ወጣ፣ አረቄው ተቀዳ። ጋሼ ፕሬበን በየዓመቱ የሚያደርጉትን ንግግር ጀመሩ፤ ባሕር ይሰጣል፣ ባሕር ይወስዳል የሚለውን። ዘንድሮ «ይወስዳል» ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነበር። ቁጭ አሉ። እውነቴን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኑኝ።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ታናሹ አባል ቁጥሮቹን ከሰሌዳው አውርዶ ለክረምቱ የሚወለወሉበት ሳጥን ውስጥ ይጨምራል፤ ሳጥኑን ሊቀ መንበሩ ይይዛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተጋርዶበት ማንም አልነካውም ነበር። ጨርቁን ገለጥኩና አንድ በአንድ ማውረድ ያዝኩ። የጋሼ ፕሬበን ክር እንደ ንግግራቸው የተተበተበ ነው። የሌሎቹ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ሰው ሾርባ እየሸተተው በዝናብ ሲገባ እንደዚያ ነው የሚሰቅለው። ከዚያ የአስገር ሚስማር ላይ ደረስኩ።

ክሩ ሚስማሩ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሟል። ጫፉ ከሥር ተሸጉጧል።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። መርማሪው የየብስ ሰው ነው፤ ቁጥሩን እንጂ ክሩን አላነበበም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የቀረውን ቁጥር አንስቶ የሰቀለው የአስገር እጅ አይደለም። ቀና ብዬ አያታችንን አየኋቸው። እሳቸው ሚስማሩን ነበር የሚያዩት። ቀጥለው ቀኝ እጃቸውን አዩ፣ የማያውቁት ሰው እጅ ይመስል። ሳጥኑ ከእጃቸው ዘመመና የነሐሱ ቁጥሮች ወለሉን ሞሉት። ሰው ሁሉ ቆሞ መዋል ነው፣ እርጅና ነው አለ። እትዬ ቢርተ ወንበርና ውሃ ይዘው ሮጡ። እኔ ተንበርክኬ ቁጥሮቹን ስለቅም፣ ከላዬ በቀስታ «ያን ተይው» ሲሉኝ ሰማሁ። ተውኩት። እስካሁን እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጫማዎች በር ላይ እንደወደቁ ያድራሉ። የሻይዋ ክር ኩባያው ውስጥ ሰምጣ ትቀራለች። እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡም። እኔ ተንኮለኛዋ ሆን ብዬ ገመድ መንገዳቸው ላይ ጣልኩ፤ ተሻግረውት አለፉ። የዚያን ጊዜ ፈራሁ።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን እያዩ፣ ወንድምሽ ሰሌዳውን ከቅርብ ነበር ያየው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንደ ልማዱ አፍንጫው ቁጥሩን እስኪነካ ነዋ ብዬ ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። ሳልጨርስ ገባኝ፦ ያን ያህል የቀረበ ሰው ክሩንም አይቶታል።

ያን አጠማጠም እኔና አንተ ፊደል ሳንቆጥር ነው የተማርነው፤ እዚያው ጉልበታቸው ላይ ተቀምጠን፣ በኮታቸው ቁልፍ ላይ እየተለማመድን። ሌላ ያየኸው ነገር አለ? የለም። ወንድሜ፣ መርከቧ ላይ ስትወጣ ጮክ ብዬ ያልኩህን ቃል አሁን ቀስ ብዬ አነሳልሃለሁ። ብጮህማ እማን ከእንቅልፏ እቀሰቅሳለሁ።

ባለፈው እሑድ አያታችን ጢማቸውን ተላጩ፣ የሊቀ መንበርነት ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ወደ ወደቡ መስሎኝ ነበር። የእትዬ ሊስቤት ሰማያዊ በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አባባ፣ ሌላ ሰው አላወቀም እኮ አልኳቸው። ይህን ማለቴ ያሳፍረኛል፤ ግን ብያለሁ። አልተቆጡኝም። «ምልክት የነካ ይዞራል» አሉና ገቡ።

እኔ ካፊያው ውስጥ ቀረሁ። በመስኮቱ ያየኋቸው እትዬ ሊስቤት ቆመው፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነው። የአያታችን ከንፈር ሲንቀሳቀስ እትዬ ሊስቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ መመልከት አልቻልኩም፤ ጫማዬን አየሁ። ማሰሪያዬ ተፈትቶ ነበር።

ሲወጡ ራሳቸው ባዶ ነበር። ባርኔጣዎን ረሱ አልኳቸው፤ አልረሳሁም፣ ከእንግዲህ የኔ አይደለም አሉ። ጎብጠዋል፤ ደግፌያቸው ነው የሄድነው። ወደ ቤት ስንቃረብ ምን አሉዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። «‘ልጄ ቁጥሩን ማንሳቱን ማወቅ ነበር የፈለግኩት’ አሉኝ» ብለው መለሱልኝ። ይቅር አሉዎት ወይ አላልኩም። እኔ እንኳ፣ ሁሉን የምጠይቀው፣ አልቻልኩም። ሰኞ ኮሚቴው ይሰበሰባል። እሳቸው ናቸው የጠሩት። ጋሼ ፕሬበን ያን ጊዜ ምን እንደሚሸታቸው እናያለን።

እማ ስለ ሁሉም ሰምታለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አድራ፣ ጠዋት ተነስታ አንሶላህን ቀየረች። የአልጋህ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ስለዚህ ጥቅል። ውስጡ እማ የሠራችልህ የሱፍ ካልሲ፣ አጃ ዳቦና ያ እኔ የማልወደው ጥቁር ከረሜላህ አሉበት። ገሚሱን ከረሜላ በላሁት፣ ለማረጋገጥ፤ አሁንም አልወደውም። ወረቀቱን ጠቅልዬ ላስር ስል አያታችን መጡ። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ክሩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አሰሩት። እማ ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ታያለች። ሲጨርሱ ጥቅሉን ወደኔ ገፋ አደረጉና «ማነው ያሰረው ብሎ ከጠየቀሽ፣ እኔ ነኝ በይው» አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ከክሩ ሥር ነው የሸጎጥኩት። ስለዚህ እዚህ ድረስ ካነበብክ ክሩን አይተኸዋል ማለት ነው። በቢላ አትቁረጠው፣ ፍታው።

ነፋሱ ከጀርባህ ይሁን፣ ውሃው ከሥርህ አይጉደል። የሄድክበት ባሕር ራሱ ይመልስህ። ለገና ከዋናው ምድር ወደ ደሴታችን የምትመጣው መርከብ ማታ አትሠራም፤ በጠዋቷ ና።

መርከቧ ላይ ስትወጣ የጮኸችብህ
ታናሽ እህትህ