ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ለምወድህ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው ቀጥረህ ስታበቃ፣ አላስችል ብሎህ መዶሻውን ራስህ እንደምትቀማው ስለማውቅ ነው ወገብህን ለብቻው የምጠይቀው። እኔ ከናፍቆትህና ከግራ ትከሻዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ትከሻዬን የሚያሽልኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ ሰውነትሽስ እየተፍታታ ነው፣ የቸገረኝ ምላስሽ ነው፣ የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይለኛል። እንግዲህ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ የሚታዘዝልኝ ምላሴ ብቻ ከሆነ፣ ባሠራው አይፈረድብኝም።

የእጅ ጽሕፈቱ እንደ ወትሮው የመርጃ ማዕከላችን የልብስ ክፍል ሠራተኛ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ መሀል ላይ ደግሞ ያልተጠየቀችውን ትመክረኛለች። ምክሯን አላስጻፍኩም።

ቢሮ ደውለህ የተናገርከውን ነገሩኝ። ክፍሉ አልቋል፣ በሩ ሰፍቷል፣ ደረጃው ተነሥቶ ለዊልቸሬ ተዳፋት ተሠርቶለታል፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ ብለሃል። አፌ ቁርጥ ይበልልህ እንዳልልህ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እንደሰማሁ አለቀስኩ። በደስታም ነው፣ በሌላም ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ በመጣህ ቁጥር፣ መቼ ነው የምትወስደኝ እያልኩ ያደረቅኩህ እኔው ነኝ። አንተም ቤቱ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ ብለህ አንገትህን ደፍተህ ትሄድ ነበር። አሁን ቤቱ ሰፋ። ስለዚህ የምነግርህን ሁሉ ክፍልህን ንቄ እንዳይመስልህ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ወሬው እዚህ ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወጥ ቤት ያሉት እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፤ ስለ ሾርባቸው ከእንግዲህ ክፉ የሚያወራ ስለማይኖር እነሱም ደስ ብሏቸዋል። ዳኛው ምግብ አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ አስገባኝ። ዳኛው የምንለውን ታስታውሰዋለህ፣ ዊልቸሩን ከአዳራሹ በር ላይ ገትሮ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ማንንም የማያስገባው ጎልማሳ ነው። ቃል አይናገርም። እጁን ካላነሣ ግን ሥራ አስኪያጇም ብትሆን ቆማ ትጠብቃለች። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያሰረለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ነፍቶትም አያውቅም።

አሁን ስለ እሜቴ ልንገርህ። ከኔ አልጋ ቀጥሎ፣ በመስኮቱ በኩል የምትተኛዋ ሴት ናት። ባለፈው ስትመጣ ጎንበስ ብለህ፣ ይቺ ምስኪን ትሰማለች እንዴ ብለህ በጆሮዬ ጠይቀኸኛል። ትሰማለች። ያንንም ሰምታሃለች። እሜቴ ያልኳት እኔ ነኝ። ያመጧት ዕለት ከበሩ ላይ ሆና ክፍሉን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ስትቃኘው፣ ገዝታው ቀለሙን ያልወደደችው ባለቤት መሰለችኝ። እጇም እግሯም አይታዘዙላትም፣ ቃልም አይወጣትም። ዝምታ ወርቅ ከሆነ እሜቴ የለየላት ባለጸጋ ናት።

መጀመሪያ ሰሞን ነርሱን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሣው ነበር። እሜቴ ደህና ተቀምጣ ሳለ በድንገት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። ነርሱ ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ይሮጣል፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደር እየገፋ ይመጣል፣ ጭንብሉን ያደርግላታል። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ ግን ዓይናችሁን አትንቀሉባት ብሎ ሄደ። እኛም አልነቀልንባትም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ መቼም ወጥ ቤቱን ሳላማ ምግብ አይወርድልኝም፣ ሾርባው ጨው የለውም፣ አይደል እሜቴ አልኳት። መልስ ጠብቄ አልነበረም። ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ነርሱ ሲሊንደሩን እያንኳኳ ደረሰ፣ ጭንብሉም ተደረገላት። ያን ጊዜ እናታችን ትዝ አለችኝ። ስልክ ስታወራ አፍ አውጥቶ አዎ ማለት ይሰንፋትና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስብ አልነበር? በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት፣ ሃሎ፣ ሃሎ ይላታል። እሜቴም አዎ እያለችን ነው የከረመችው። አዎ ባለች ቁጥር እኛ አፍና አፍንጫዋን በጭንብል ስንሸፍን ነበር።

“እሜቴ፣ ይሄ ነገር ይነሣልሽ?” አልኳት።

ከጭንብሉ ሥር ሳብ አደረገች። ነርሱ አነሣላትና ጭንብሉን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ እስቲ እኔም ልጠይቃት አለ። ይህ ነርስ መልከ መልካም ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጠበቅን። ዝም። ደግመን ጠበቅን። አሁንም ዝም። ነርሱ፣ እንግዲያው አይደለም ማለትንም ታውቅበታለች ማለት ነው አለና ከሁላችን በላይ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እሜቴን ሳያስፈቅድ የነካት ሠራተኛ ቢኖር ወዮለት።

አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ትንፋሿ ትንሽ ነች፣ ሬዲዮ ከተከፈተ ወይም ሳህን ከተንኳኳ ለሰው ጆሮ አትደርስም። የኔ ጆሮ ለመዳት። ትራስሽ ይገልበጥ? ቀዩን ሹራብ ትፈልጊያለሽ? መጋረጃው ይከፈት? ጸጉሯን የምታበጥረው ሠራተኛ እኔ ከሌለሁ ማበጠሪያ አታነሣም። ወንድምዓለም፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው እያጎረሰኝ፣ እያለበሰኝ፣ እያገላበጠኝ የኖርኩ ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት መተዳደሪያዬ ሆኖ ነበር። አሁን ግን ሰዎች እኔ ጋ መጥተው፣ እባክሽ ነይልን ይሉኛል። አንተ ስትፈለግ የኖርክ ሰው ስለሆንክ ይህ ምን ያህል እንደሚጥም አታውቀውም።

እና እኔ ከሄድኩ እሜቴን ማን ይሰማታል፣ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ጸሐፊዬ እዚህ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልጽፍም፣ ውሸት ነው አለች። በገዛ ደብዳቤዬ ተከራከርኩ፣ ተረታሁም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ስልክህን እንደሰማሁ፣ መቼስ ሜዳ ላይ አልጥላትም ብዬ ሰው ላሠለጥን ተነሣሁ። ነርሱን፣ አጉራሹን፣ ይቺን ጸሐፊዬንም አጠገቧ እያስቀመጥኩ፣ ጆሮ ስጡ እያልኩ አስተማርኳቸው። ምግብ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ስናደርግ፣ እሜቴ አንድ ነገር ተጠይቃ ሳብ አደረገች። አጠገቧ ያለው አልሰማም። በሩ ላይ ያለው ዳኛው ግን እጁን አነሣ። በአጋጣሚ ነው ብለን ሌላ ጠየቅናት። እሷ ሳብ፣ እሱ እጁን ወደ ላይ። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሰማት ኖሯል፣ ያላሳወቀን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበላቸው። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀናሁ ወንድምዓለም። በዚያን ዕለት ሾርባውንም አላማሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ነርሱ የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋ በየአልጋው ሲዞር፣ ራሷን ልጠይቃት ብዬ ቆረጥኩ። የሆድን በሆድ ይዤ እስከ ቅዳሜ መቆየት አቃተኝ። ወንድሜ ሊወስደኝ እንደሚመጣ፣ በሩን እንዳሰፋልኝ፣ ልጆችህም እንደሚጠብቁኝ ነገርኳት።

“ልሂድ እሜቴ?” አልኳት።

ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ደግሞም ረዘም አድርጋ፣ እንዲህ ጎላ ብሎ ሰምቼው የማላውቀውን። ነርሱ ጋሪውን አቁሞ ወደ እኛ ዞረ፣ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ።

“ምንም አላለችም” አልኩት። “ትንፋሽ አጥሯት ነው።”

እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሷን አያት። ምንም እንዳልሆነች እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም የአልጋዋን ራስጌ ከፍ አደረገላት፣ ሄዶም ሲሊንደሩን አምጥቶ በሁለታችን መካከል አቆመው። ጭንብሉን አልነካውም። እሜቴ እስኪመሽ ድረስ በዓይኗ ስትስቅብኝ ዋለች።

ቅዳሜ ና፣ እንዳትቀርብኝ። ልጆቹንም ይዘህ ና፣ ዳኛው ያስገባቸዋል። ስትገባ መጀመሪያ ወደ እሜቴ ሂድ፣ በኔ ጆሮ ሳይሆን በሷ ጆሮ ደህና ነሽ ወይ በላትና ዝም ብለህ ጠብቅ። አንተ የእናታችን ልጅ ነህ፣ ትሰማታለህ። ስለኔ ጉዳይ ግን እሷን እንዳትጠይቅብኝ፣ እኔን ጠይቀኝ። ሻንጣዬ ቁም ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ አውርዱልኝ ብዬ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ለኔ ብሎ መዶሻ ያነሣ እጅህ ይባረክ። ያሰፋኸው በር ደስታ ሲገባበት የማይጠበው ይሁንልህ። ተዳፋቱ ላይ ልጆችህ እየተንሸራተቱ ይደጉበት፣ ወገብህንም ፈጣሪ ይጠግንልህ።

የእናትህ ልጅ፣
ከመስኮቱ ሁለተኛ አልጋ ላይ ያለችው እህትህ