ለቅሶ በሽዋመንዲንገን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ስዊሶቹ ኦክቶበር 14 ይላሉ። ይበሉ። ደብተሩ የኔ ነው።

የልብስ ማጠቢያ ተራዬ ነበር። ምድር ቤት ወርጄ አጠብኩ፣ ማሽኑን ወለወልኩ፣ ማጣሪያውን አጸዳሁ። አንዲት ክር ከተገኘች ቪድመር ማስታወቂያ ይለጥፋል። ደረጃው ሥር ያለው ሰሌዳ ሞልቷል… እሑድ ማጠብ ክልክል ነው። እሑድ ጠርሙስ መጣል ክልክል ነው። ደረጃ ላይ ጫማ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ስምንት ዓመት ስወጣ ስወርድ "ይፈቀዳል" የሚል ነገር አይቼበት አላውቅም።

ሄር ቪድመር የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው (ሄር አቶ ነው፣ ፍራው ወይዘሮ)። ከኛ በላይ፣ ብቻውን ይኖራል። ዛሬ ደረጃ ላይ አስቆመኝ። ግቢው ውስጥ "የባህሎች ቀን" ሊደረግ ነው አለ።

"ፍራው ሕብስት፣ ከአገርዎ ምን ያመጣሉ?"

ምን ላምጣ?

"ያንን ቢጫውን ወጥ! ደግሞ የትከሻውን ጭፈራ። ነጩን ልብስም ይልበሱ እንጂ!"

እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? ኤጭ! ለባሌ ለሚሊዮን ብነግረው ሳቀ። "ለባልሽ በዓመት አንዴ እንኳ ጨፍረሽለት የማታውቂ፣ እስቲ ለነሱ ጨፍሪ" አለኝ። በትራስ መታሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከሥራ ስመለስ ቪድመርን አደባባዩ ላይ አየሁት። የቱርኩን ዶነር፣ ሥጋ በቂጣ፣ ይገምጣል፣ ሶሱ አገጩ ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከታሚሎቹ ሱቅ ካሪ ሲገዛ አየዋለሁ። ቡናው ከፖርቱጋሎቹ ጋ ነው። ሰውየው ሆዱ ዓለምን ዞሯል።

አልጠላሁትም፣ ይብላ። ዕድሜ ለስደተኛ፣ እዚህ አገር ምሳ ጣዕም አገኘ። ግን የኛ ነገር ሁሉ በሆዳቸው በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚገባው? ሰው ከአገሩ ሲወጣ ድስት ብቻ ይዞ ነው የሚወጣው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሄር ኤግሊ ሞቱ።

ምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ። የማራኪን ብስክሌት ስንቴ ጠግነውላታል። ልጄ ብስክሌት መንዳት የተማረችው እጃቸው ኮርቻው ላይ ሆኖ ነው። የሞቱት ሰኞ ነው አሉ፣ እኛ ዛሬ ሰማን! ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ጠርዙ የጠቆረ ካርድ ገብቷል።

ሚሊዮን አነበበልኝ። "ቀብሩ በቅርብ ቤተሰብ ብቻ። ጠያቂ አያስፈልግም ነው የሚለው።"

"ጠያቂ አያስፈልግም?"

"እንደሱ ነው ባህላቸው። ካርድ ትጽፊያለሽ፣ ሳጥን ውስጥ ትከቻለሽ፣ በቃ።"

ልጅ የላቸውም። ፍራው ኤግሊ ብቻቸውን ናቸው። ሰው ሁሉ በራቸውን በእግር ጣቱ ያልፋል። የታመመ ሕፃን የተኛ ይመስል… ብቻውን ማልቀስ የሚፈልግ ሰው አለ? እኔ አላምንም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ምን አድርጌ ተገኘሁ ዛሬ!

በቀለችን ጠራኋት። ዜባህ ነው የምትኖረው። እድራችን ውስጥ እንደሷ የሚያለቅስ የለም፤ እሷ ከጀመረች ግድግዳም ያለቅሳል። ከትራም ወርዳ ገና ሳትስመኝ፣ "ሰውየው ምን ነበሩ?" አለችኝ።

"ባቡር ነጂ።"

"ምን ይወዱ ነበር?"

"የልጆች ብስክሌት መጠገን።"

"በቃ፣ በቃኝ።"

ስድስት ሴቶች ሆንን። እድራችን በየወሩ የሚሰበሰብበት የሕንፃው የጋራ አዳራሽ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ወንበር አወጣን። ጥቁር ለበስን። ንፍሮውን በድስት ይዤ ደወሉን ተጫንኩ። ፍራው ኤግሊ በነጠላ ጫማ፣ ፀጉራቸው እንደተንጨባረረ ከፈቱ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ግቡ እስኪሉ አይጠበቅም። ገባን፣ ተቀመጥን። ከዚያ በቀለች ጀመረች።

"ወይኔ! ወይኔ ጋሼ ኤግሊ! የልጆቹን ጎማ ማን ይንፋ! ወይኔ፣ ባቡሩን ማን ይንዳው!"

እኛም ተከተልን። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያዩናል። ላይ በር ተከፈተ፣ ኮቴ ወረደ… ቪድመር! የእሳት ማጥፊያ አቅፎ!

"ምንድን ነው የሚቃጠለው?"

"ሰው ሞቷል!" አልኩት።

"ሰው ከሞተ እኮ አምስት ቀኑ ነው!"

እንዲህ አለኝ። አምስት ቀን ካለፈው አይለቀስለትም። ወንበራችንን አስይዞ አስወጣን። ፍራው ኤግሊ አንድ ቃል አልተናገሩም። ድስቱም እዚያው ቀረ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

መጋረጃቸው ቀኑን ሙሉ አልተከፈተም። ምን አደረግኩ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ቪድመር ወረቀት ይዞ መጣ። "ያደረግኩት ተገቢ አልነበረም፣ ሁለተኛ አይደገምም" ይላል። ከሥሩ ይፈርሙ አለኝ። ካልፈረምኩ የአዳራሹን ቁልፍ አስረክባለሁ፣ እድሩም ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ሚሊዮን እስክሪብቶ አቀበለኝ። እስክሪብቶ!

"ፈርሚና እንገላገል። የሴቶቹን መሰብሰቢያ በእልህ ልታስወስጂ ነው?"

"አንተ ከምርጫው በኋላ 'ተሳስቻለሁ ብለህ ፈርምና ውጣ' ሲሉህ ፈርመሃል?"

ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ።

"እኔ ስንቅ ይዤ እስር ቤት በር ላይ ስንከራተት ፈርመሃል ወይ?"

"እሱ ሌላ ነው ሕብስት። እሱ የአገር ጉዳይ ነበር።"

"ይሄስ የማን ነው?"

ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በሱ ነው አሁን የምጽፈው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

እውነቱን ለራሴ ልንገረው። ፈርቻለሁ። ሴትዮዋን ካስደነገጥኳቸው፣ በቁስላቸው ገብቼ ከሆነ… ይቅርታ እጠይቃለሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ እጠይቃለሁ። እሳቸውን! ለቪድመር ግን አልፈርምም። ለቅሶ መድረስን ጥፋት ነው ብዬ በእጄ አልጽፍም። እናቴ ያስተማረችኝ ይሄን ነው፤ ሌላ ያወረሰችኝ ነገር የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሄድኩ። ብቻዬን፣ ባዶ እጄን። ደወሉን ተጫንኩ።

ከፈቱ። አዩኝ። ወደ ጎን ዞር ብለው አሳለፉኝ።

ድስቴ ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። "በላሁት" አሉ። "ሌላ ምግብ የሠራሁት አልነበረም።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"ያቺ ሴትዮ ምን ነበር የምትለው?"

"የልጆቹን ጎማ ከእንግዲህ ማን ይንፋ ነው ያለችው።"

"ብስክሌቱን ማን ነገራት?"

"እኔ።"

በኋላ ጥግ ላይ ያለውን ወንበር አሳዩኝ፣ የአዳራሹ ወንበር ነው። ስንወጣ ረስተነው ኖሯል። "ስትመጡ በጣም ፈራሁ" አሉኝ። "ስትሄዱ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። እዚያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ።"

"ታዲያ ይሄንን ለሄር ቪድመር ለምን አልነገሩትም?"

"ማንም አልጠየቀኝም" አሉ።

ስለ ባላቸው ሲያጫውቱኝ መሸ። ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ። "ያቺ የምታለቅሰዋስ ለምን አልመጣችም?"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

የባህሎች ቀን። አልጨፈርኩም። ቢጫ ወጥም የለም፣ ነጭ ልብስም የለም።

ከበቀለች ጋር ፍራው ኤግሊ ቤት ዋልን። ከግቢው ከበሮ ይሰማል። በቀለች በተሰባበረ ጀርመንኛዋ አሳቀቻቸው፣ ቀጥላ አስለቀሰቻቸው፣ መልሳ አሳቀቻቸው። ይሄን ሁሉ ከወንበሯ ሳትነሳ!

ማራኪ አፏ በካሪ ቢጫ ሆኖ መጣች። "እማዬ፣ ሄር ቪድመር 'ማማሽ የት ናት' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ለቅሶ ላይ። በጀርመንኛ ቮርቱን… ቃሉን ስላላወቅኩ፣ ለቅሶ አልኩት።"

ደግ አደረግሽ የኔ ልጅ። እሱ ይማር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የአዳራሹን ቁልፍ ለቪድመር መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ወረቀቱን ሳልፈርም አብሬ ሰጠሁት። ፍራው ኤግሊ አልተቀየምኩም ብለው ነግረውታል። "ደንብ ደንብ ነው" አላቸው አሉ።

እድሩ እኛ ሳሎን ተሰበሰበ፣ ሰው በሰው ላይ። ገሚሶቹ ወለል ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ በኔ አኩርፈዋል፣ በእልህሽ ነው አሉ። ሚሊዮን ግን ሻይ ሲያዞር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሚስቴ አትፈርምም" አለ። እስክሪብቶውን ይቅር ብዬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሰሌዳው ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው ካርድ። የቪድመር እናት። እሑድ እሑድ አበባ ይዞ አረጋውያን ቤት ይጠይቃቸው ነበር።

ምን አገባኝ? አልሄድም። ደንብ ደንብ ነው።

ከራሴ በላይ ኮቴው ይሰማኛል። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። መቀመጫ የለውም እንዴ ይሄ ሰው? ሚሊዮን ጣሪያውን ያይና እኔን ያያል። አትየኝ አልኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ኳኳታ። የሚጎተት ነገር። በሬ ተንኳኳ።

ፍራው ኤግሊ! የወጥ ቤት ወንበራቸውን እየጎተቱ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ። ከኋላቸው ጎረቤቶቻችን፦ የታሚሎቹ አባወራ በርጩማ ይዞ። ከሱ ኋላ ሁለቱ ተማሪዎች የሚታጠፍ ወንበር ይዘው። አንዷ ወይዘሮ የፒያኖ ወንበር ተሸክማለች። አዳራሹ ተቆልፏላ! ሁሉም የየቤቱን ነው ያመጣው።

"ወንበርሽን አንሺ" አሉኝ ፍራው ኤግሊ። በጀርመንኛ "አንቺ" ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

"እኔ? እሱ ቤት? ቁልፌን የነጠቀኝ ሰው እኮ ነው!"

"እኔስ ያን ቀን በሬን ልከፍትልሽ የፈለግኩ ይመስልሻል?"

ወንበሬን አነሳሁ።

ቪድመር ከፈተ። ሸሚዙ በትክክል አልተቆለፈም። ደረጃውን ሙሉ ሰው፣ ሰውን ሙሉ ወንበር አየ። እኔን አየ። ቀላ።

"ወንበር… ወንበር የለኝም" አለ።

"ይዘን መጥተናል" አልኩት።

ገባን። ተቀመጥን። ፍራው ኤግሊ ንፍሮ ሠርተዋል፣ ቅቤ ጣል አድርገውበት። የነቢያት ጾም ነው። እግዜር ይየው፣ ዘገንኩ። ስዊሶቹ እጃቸውን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ቀጥሎስ የሚሉ ይመስላሉ። እኔም የማውቀውን ጠየቅኩ።

"ሄር ቪድመር፣ እናትዎ ምን ይወዱ ነበር?"

"ቼሪ" አለ። "በሰባ ዓመቷ ዛፍ ላይ ወጥታ ትለቅም ነበር። እኔ ከታች ሆኜ ክልክል ነው፣ ውረጂ እላታለሁ። ፍሬውን ትተፋብኛለች።"

ሳቀ። ስቆ ሳይጨርስ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፍራው ኤግሊ ወንበራቸውን አስጠጉና ጎኑ ተቀመጡ። አንጀቴን በላው፣ ምን ልዋሽ።

በቀለች ወደ ማታ ደረሰች። በር ላይ፣ ቼሪ፣ ዛፍ፣ ሰባ ዓመት አልኳት። "በቃ፣ በቃኝ" አለች። ከዚያ ቤቱን አናወጠችው። ማንም የእሳት ማጥፊያ ይዞ አልመጣም።

ቁልፉን አልጠየቅኩትም። እሱም ፊርማውን አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ከአገርዎ ምን ያመጣሉ ብሎ ነበር። ይኸው።

ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የልብስ ማጠቢያ ተራ የሚጻፍበት ያው ቅጽ ነው፣ ከላይ ያለው "ልብስ ማጠቢያ" ተሰርዞ "ሄር ቪድመር ቤት" ተብሏል። የፍራው ኤግሊ እጅ ጽሑፍ ነው። እስከ ሳምንት ድረስ ማን በስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ምሳ ማን እንደሚያመጣ። ለቅሶ በተራ! እነዚህ ሰዎች አያደርጉት የለም። ግን ሳስበው… እኛ ሁላችን አንድ ቀን ግር ብለን መጥተን፣ በሳምንቱ ያዘነው ሰው ብቻውን የሚቀረውስ? ይሄን ከነሱ እወስዳለሁ። ለእድሩ እነግራለሁ።

የኔ ተራ ነገ ነው፣ ከበቀለች ጋር።

ከሁሉም ሥር፣ ክልክል ነው የሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አለ። የቪድመር ጽሑፍ ነው፤ የሱን ፊደል ስምንት ዓመት አንብቤዋለሁ፣ አይጠፋኝም።

"ጮክ ብሎ ማልቀስ ይፈቀዳል። እሑድም።"