በማድረቂያው ላይ የዞረው ስም

አበርፌልዲ፣ ስኮትላንድ
ኖቬምበር 27 ቀን 2014

ውድ ልጄ ኢነስ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ኒውዚላንድ በጋው እየገባ ነው ብለሃልና ፀሐዩን ለእኛም ሙቅልን። እዚህ ቴይ ወንዝ ሞልቶ የታችኛውን መንገድ ዘግቶታል። ጉልበቴም እንደ ልማዱ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው የምጽፍልህ፤ ስትደውል አባትህ ከአጠገቤ አይጠፋም።

መጀመሪያ የሚያስቀውን ልንገርህ። አባትህ ማይክሮዌቬን ገደለው። መቼም ታውቃለህ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲሠራ የገመዱ ማለፊያ ቀለበቶች በክር ታስረው ሙጫ ከተቀቡ በኋላ፣ ሙጫው እስኪጠነክር ዘንጉ መዞር አለበት። ሳይዞር ከቆመ ሙጫው ወደ አንድ ጎን ወርዶ ያብጣል። ዕድሜ ልኩን በእጁ ነበር የሚያዞረው፣ ሲደክመው እኔ እየተቀበልኩት፣ ሬዲዮ እየሰማን፣ እየተነታረክን። ዘንድሮ ግን ዘንጉን እንደያዘ ማዞሩን ይረሳዋል። የሰው ዘንግ ተበላሸበትና በጣም አፈረ። ዘንጉን እያዞረ የሚያደርቅ ማድረቂያ እንግዛ ስለው፣ «የሰው ሥራ ገዝቼ ዘንግ ሠሪ ነኝ ልበል?» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ የማይክሮዌቬን ሆድ ከፍቶ ሳህኑን የሚያዞረውን ሞተር አወጣው።

ያ ሞተር ደግሞ ሲነሳ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ነው። ራሱ ይመርጣል።

«ይህቺስ ቁርጥ አንቺን ናት» አለኝ። «ወዴት እንደምትዞር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።»

«እሷ ሾርባህን ታሞቅልህ ነበር። አሁን ማን ሊያሞቅልህ ነው?»

እንደ ድሮው ከልቡ ሳቀ። እኔም ዳነልኝ ብዬ ተታለልኩ።

ማድረቂያው ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ዘንግ «ለልጁ» ነው አለኝ። ጃንዋሪ ላይ ወንዙ ለአጥማጆች ሲከፈት ይመጣል አለ። አንተን መሰለኝ። ሌላ ማንን ልበል? አረንጓዴውን ክር የመረጥኩት አንተ ስለምትወደው ነው። ጭንቅላቱ ቢረሳም ጣቶቹ አልረሱም፤ ክሩን ያለ አንድ ስህተት ጠመጠመው። በመጨረሻም ከእጀታው በላይ የባለቤቱን ስም በቀጭን ብዕር ጻፈ፣ ሙጫውን ቀባ፣ ማሽኑ ላይ ሰቀለውና «በቃ፣ እሷ ታዙር፤ እኛ ሻይ እንጠጣ» አለ።

በእጃችን ብናዞረው ኖሮ ስሙ በዞረ ቁጥር ዓይኔ ሥር ያልፍ ነበር። ሙጫው ሳይደርቅ አልኮል በነካ ጨርቅ ቢጠረግ ይለቅ ነበር። እኔ ግን አንዴ እንኳ ሄጄ አላየሁትም። አረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀምጬ ነበር፣ ኢነስ።

በማግስቱ አወረድኩት። አረፋ የለበትም፣ እንደ መስታወት ጠርቷል። ከመስታወቱ ሥር የተጻፈው «ስትሩዋን» ነው።

«ስሙን አየሽው? እጄ አልተንቀጠቀጠም» አለኝ።

«ስትሩዋን እኮ የለም፣ ግሬጎር።»

«የት ሄደ?»

ነገርኩት። ወንድምህን ቴይ እንደወሰደው፣ አስከሬኑን ከድልድዩ በታች እንዳገኙት፣ እሱ ራሱ ተሸክሞ እንዳወጣው። ልክ የዚያን ቀን እንደሰማ ሰው ሆነ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ለማንሳት አቅም አጥቼ ጎረቤታችንን ላቺን ጠራሁ። ከምሳ በኋላ ሁሉንም ረስቶ ዘንጉን እየወለወለ «መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። በቅርቡ አልኩት። ሁለተኛ አልነግረውም። ውሸት ከሆነም እኔው እጠየቅበታለሁ።

«ለኢነስስ አትሠራለትም?» አልኩት።

«ኢነስ ገና ሕፃን ነው። ይህን ዘንግ አይችለውም፤ ሲያድግ እሠራለታለሁ።»

ይህን ልደብቅህ አስቤ ነበር። ግን ሳታውቅ መጥተህ በር ላይ እንዲያቆስልህ አልፈልግም። የአባትህ ሐኪም ጸደይ ሲደርስ እኔንም ላያውቀኝ እንደሚችል ነግራኛለች።

እባክህ ወንዙ ከመከፈቱ በፊት ና። ቁመትህም አረማመድህም የወንድምህ ነው፤ ሲያይህ ስትሩዋን ይልሃል። አቤት በለው። ዘንጉን ተቀበለው፣ አመስግነው፣ ወንዙ ዳር አብረኸው ቁም። ምን እየጠየቅሁህ እንደሆነ አውቃለሁ። በአንተ ቦታ ብሆን እናቴን እቆጣት ነበር፤ ቢያሻህ ተቆጣኝ፣ ግን ና።

እግዚአብሔር በሰላም ያግባህ፤ የምትሳፈርበትን ይባርክልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ። እኔ ማዕድ ቤት ነኝ። እሱ ጋ ስትጨርስ ወደ እኔ ግባና በሩን ዝጋው። እዚያ በስምህ እጠራሃለሁ።

እናትህ
ኢሽቤል