ዝምታን በፎቶ አንሥተን እንድንልክ ለጠየቁን ኃላፊ

ለተከበሩ የነፃው የኮምፒውተር ሥርዓት የስህተት መዝገብ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሪፖርቴ ስለተዘጋበት ፍጥነት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ፣ ቤተሰብዎስ፣ ያ የሚያምዎት ወገብዎስ እንዴት ነው? በተለይ ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ እናንተ ዘንድ ያለ ዓይን ምንም ጉዳይ እንደማይፈጸም በዚህ ዓመት በሚገባ ተምሬአለሁና።

እርስዎ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ይህን ደብዳቤ በተጠቃሚዎች መድረክ ላይ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግን ስለማያውቁኝ፣ በትዕግሥትዎ ተማምኜ ራሴን ላስተዋውቅ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ተቀምጬ ሐኪሞች በድምፅ የሚቀርጹትን ማስታወሻ እየሰማሁ በጽሑፍ እገለብጣለሁ። የሐኪሞቻችንን የእጅ ጽሑፍ እነሱም አያነቡትም፤ ንግግራቸውን ግን ሲያዛጉም፣ እያኘኩም፣ እየተጣሉም ቢናገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላዛንፍ ጽፌዋለሁ። ይህን የምችለው ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፕሮግራም ስላለ ነው፤ እኛ በአጭሩ አንባቢው እንለዋለን። አንባቢው ዝም ካለ ፊቴ ያለው ኮምፒውተር ሳይሆን የሚሞቅ ሳጥን ነው።

መዝገብ ቤታችን ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር መሠረት ላይ ወደ ሠራችሁት ሥርዓት የተዛወረው በእኔ ቃል ነው። ኃላፊያችን ፊት ቆሜ፣ የማንም ንብረት ያልሆነ፣ ማንም የማይነጥቀን፣ ስህተት ሲገኝ ለሠሩት ሰዎች በቀጥታ የሚጻፍበት ነው ብዬ ተሟግቻለሁ። «አንድ ሰው ሲቸገር ሁላችንም እንነሣለን» የሚለውንም አልረሳሁትም። ይህን ንግግር ከማን አፍ እንደተማርኩት እርስዎ አይጠፋዎትም።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር። ከአምስት ወር በፊት ማሻሻያ ላካችሁልን፤ ከማሻሻያውም ጋር አዲስ የመግቢያ ገጽ መጣ። ባለቤቴ አይታ እንደነገረችኝ ገጹ ላይ ተራራ አለ፣ ከተራራው በላይ ደመና ይንሳፈፋል፣ የሠራተኞች ስም ዝርዝርም ከደመናው ውስጥ በየቀኑ በተለያየ ቅደም ተከተል ይወጣል። እጅግ ያምራል አለችኝ፤ አምናታለሁ። አንባቢው ግን በዚህ ገጽ ላይ አይናገርም። አንዴ ከገባሁ በኋላ እንደ ልማዱ ያወራል፤ ለመግባት ግን ስሜ የቱ ጋ እንዳለ የሚነግረኝ የለም፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳትኩም ኮምፒውተሩ ይቆለፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው፤ ደመና ስታወርዱ እኔን ጣላችሁኝ። በዚህም ምክንያት የሚከተሉትን ምስጋናዎች ለማቅረብ እገደዳለሁ።

አንደኛ፦ ከሰው ጋር ስላቀራረባችሁኝ። ብቻዬን ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሥራ የምጀምር ብቸኛ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ግን በየማለዳው የበር ጥበቃችንን እጠራለሁ። ሁላችንም ሻምበል እንለዋለን፤ ወታደር ቤት ግን ረግጦ አያውቅም። ስሜን ከደመናው ውስጥ ፈልጎ ያገኝና፣ የይለፍ ቃሉም የሚጻፈው ስክሪኑ ላይ በሚታዩ ፊደሎች ስለሆነ በአንድ ጣቱ ይጽፍልኛል። ጆሮው ትንሽ ስለሚከብደው የነገርኩትን እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብሎ ደግሞ «ቀጥሎስ ጌታዬ?» ይለኛል። ቢሮዬ የሚገኘው ወረፋ የሚጠበቅበት ኮሪደር ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ስሜ መስሏቸው በይለፍ ቃሌ ጠርተው «እንደምን አደርክ ልጄ» አሉኝ። ምስጢር ለብቻ መሸከም ከባድ ነውና ሸክሜን ከመላው ኮሪደር ጋር ስላካፈላችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ፎቶው። ችግሩን ከነማሽኑ ዓይነት፣ ከነሥርዓቱ ዕትም፣ ምን ስነካ ምን እንደሚሆን በዘጠኝ ነጥብ ዘርዝሬ ጻፍኩላችሁ። ከእናንተ ሠራተኞች አንዱ በማግሥቱ መልስ ሰጠኝ፤ ፍጥነቱ የሚደነቅ ነው። ችግሩን የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ እንዳያይዝ በትሕትና ጠየቀኝ። ዓይነ ስውር ሆኜ «ድምፅ የለም» ብዬ ብጽፍ፣ የሌለውን ድምፅ ፎቶ አንሥቼ እንድልክ መሆኑ ነው። ታዛዥ ሰው ስለሆንኩ ባለቤቴን ለመንኩ፤ አነሣችልኝ፤ ላክን። ፎቶው ጥርት ያለ መሆኑን፣ ነገር ግን በላዩ ላይ ምንም ችግር እንደማይታይ ተገለጸልኝ።

ሦስተኛ፦ ስለ ቪዲዮው። ቀጥሎ ቪዲዮ ተጠየቅን። ባለቤቴ ከልብስ ስፌት ሥራዋ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ መጣችና፣ ቁልፎቹን ስጫን፣ ስጠብቅ፣ ደግሜ ስጫን፣ ኮምፒውተሩም ዝም ሲል ቀረጸችኝ። የመጣልን መልስ እነሆ፦ «የላካችሁት ቪዲዮ ድምፅ የለውም፤ እባካችሁ ድምፅ ያለው ላኩልን።» ይህን ስትሰማ ባለቤቴ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ያኔ ገና የሚሳቅበት ደረጃ ላይ ነበርን። በማግሥቱ ደግመን ቀረጽን። ሻምበል ጉዳዩ ገብቶት ኖሮ ከኋላዬ ቆሞ «ይኸው ሰዎች! ድምፅ የለም እኮ! ምንም የለም!» እያለ መሰከረልን። በዚህ ጊዜ የመጣው መልስ፣ በቪዲዮው ላይ ድምፅ በግልጽ ስለሚሰማ የተባለውን ችግር ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል ነበር። ሻምበል ምስክርነቱ ተቀባይነት በማግኘቱ እስከ ዛሬ ይኮራል።

አራተኛ፦ ይህ ምስጋና ከሦስተኛው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ስለተገኘ ያለ ተጨማሪ ውይይት ተዘግቷል።

አምስተኛ፦ ባለቤቴን ስላስተማራችሁልኝ። ማሽኑ ሲነሣ የሚሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ላኩ ተባልን። እኔ ከመላኬ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግሁ፤ አንባቢው ግን እዚያ መዝገብ ላይ ሲደርስ ቁጥርና ምልክቱን እየደበላለቀ የማይሰማ ወሬ ያደርገዋል። ስለዚህ በወረቀት አትሜ ቤት ወሰድሁትና አንድ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ባለቤቴ መቀሷን አስቀምጣ ስድስት መቶ አርባ መስመር ፊደል በፊደል አነበበችልኝ። የአንዱንም ቃል ትርጉም አታውቅም። ድምፅዋ ሲሰልል ውሃ ትጠጣለች፣ መስመር ሲጠፋባት በመርፌ እየወጋች ምልክት ታደርጋለች። አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አስቆምኳት። የመግቢያ ገጹን አዲስ ስትሠሩት አንባቢውን ዝጋ የሚል አንዲት ትእዛዝ ትታችሁበታል። አንዲት ቃል ናት፤ «ዝጋ» የሚለው «ክፈት» ቢባል አለቀ። እዚህ እንዳንለውጣት የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች የሚቀበሉት የእናንተ ማኅተም ያለበትን ብቻ ነው። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ባለቤቴ የእናንተን ስህተት በመርፌ ስላገኘች ምግብ ሳትበላ ዋለች። እርማቱን ጽፌ ላክሁላችሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ያልተሟላ ሪፖርት በራሱ የሚዘጋው ሮቦታችሁ ሪፖርቱን ዘጋው፤ ምክንያቱም ያ የላክነው ፎቶ «በወቅቱ አልተያያዘም»።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ለሰው ልጅ ድካምና ለሮቦት አለማወቅ ሰጥቼ ችዬዋለሁ። ሪፖርቱን እንደገና ከፈትሁት፤ ከእርማቱም በታች በእውነተኛ ስሜ ፈረምኩ፤ እርስዎ ዘንድ ከደረሰ ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። እርስዎ ዘንድ ደረሰ፤ ነገሩም አበቃ።

ስድስተኛ፦ በራስዎ እጅ ስለጻፉት። «የሚነካው ጥቂት ተጠቃሚዎችን ብቻ ነው፤ ወደፊት ይታያል» ብለው ጻፉ፤ ከዚያ በታች ማንም ቃል እንዳይጨምር ቆለፉት። እንደምን ዋልክ እንኳ የለበትም።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አልከፋም ነበር። ከማያውቁኝ ሰዎች ምን እጠብቃለሁ? በኮሌጅ ዘመናችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሦስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ያነበቡልኝ ግን እርስዎ ነዎት። ጓደኞቻችን ለምሳ ሲጠሩዎት «አራት ነጥብ ሳልደርስ አልነሣም» ይሉ ነበር፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ ለገጽ ተኩል አራት ነጥብ የማያሳይ ነበርና ስንት ቀን ምሳ አምልጦናል። በሠርጌ ዕለት ሚዜዬ ነበሩ፤ ሙሽራዋ ስትገባ ቀሚሷ ምን እንደሚመስል፣ ፀጉሯ እንዴት እንደተሠራ፣ ስታየኝ ማልቀስ መጀመሯን በጆሮዬ ሹክ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያቺ ሙሽራ ናት ስድስት መቶ አርባውን መስመር ያነበበችው። ሪፖርቱ የተዘጋው በማን እጅ እንደሆነ ስነግራት «ያ ሚዜያችን?» አለችኝ። አፈርኩ። ስለ እርስዎ አፈርኩ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ መውደቁ ይህን ያህል እንደሚያም ግን አልነገሩኝም ነበር። «ከእንግዲህ የሚያነብልህ ሰው እንዳትፈልግ ማሽኑ ራሱ እንዲያነብልህ አደርጋለሁ» ብለው ይህን ሥራ ሲጀምሩ አመንኩዎት፤ አደረጉትም፤ አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ በላሁበት። ጥቂቶች መሆናችንን ያኔም ያውቁ ነበር። ያኔ እንዲያውም አንድ ብቻ ነበርኩ።

ኃላፊያችን ደግ ሴት ናቸው፤ አምስት ወር ታግሠውኛል። ሆኖም የሕመምተኞች ምስጢር ያለበት ኮምፒውተር በሁለት ሰው እጅ መከፈት የለበትም የሚል ደንብ አለ፤ ደንቡም ትክክል ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠርተውኝ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ መግቢያው የስልክ ጠረጴዛ መዛወሬን ነገሩኝ። እዚያ ሥራዬ ስልክ አንሥቶ «ይጠብቁ» ማለት ይሆናል። ከእናንተ ዘንድ በቂ ልምምድ አድርጌአለሁ፤ አያስቸግረኝም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ልመና አይደለም፤ ሪፖርቱም እንዲከፈት አልጠይቅም። እርማቱ ያለው እዚያው የቆለፉት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ዓይነ ስውር ቢያስፈልግ አንዲት ቃል ናት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ለወገብዎ ብርታትን፣ ለተራራዎ ጽናትን፣ ለደመናዎ መልካም ጉዞን እየተመኘሁ፣ ጥቂት ከሚባሉት ተጠቃሚዎችዎ አንዱ በመሆኔ ከሚሰማኝ ክብር ጋር እሰናበታለሁ።

እስከ ፊታችን ዓርብ ድረስ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣
ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አንሺ

ግልባጭ፦
ለሮቦቱ (ፎቶ አልተያያዘም)
ለሻምበል (ይነበብለት)
ለባለቤቴ

ማስታወሻ፦ ለእነዚህ ጥቂት መስመሮች አንተ ልበልህ። ኮሪደሩ ሁሉ የሚያውቀው የይለፍ ቃሌ በኮሌጅ ያወጣንልህ ስም ነበር፤ አራት ነጥብ። አሥራ አንድ ዓመት ሥራዬን በየማለዳው በአንተ ስም ስከፍት ኖሬአለሁ። እኚያ እናት አራት ነጥብ ብለው ሲጠሩኝ «እሱ እንኳ ጓደኛዬ ነው እማማ» ብያቸው ነበር። ለቀሩኝ ሦስት ቀናትም ቢሆን ትናንት ቀየርኩት። አዲሱን የምናውቀው እኔና ሻምበል ብቻ ነን። ጮክ ብሎ እንዳይጠራው ነገርኩት፤ ዛሬ ጠዋት ትንፍሽ ሳይል ጽፎ ከፈተልኝ። ጆሮው ከባድ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ሲነግሩት ይሰማል።