ክዳኑን ማን ነበር የሚከፍተው?

ለውድ እህቴ ለዓቢዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? የጅዳው ሙቀት አልጠናብሽም? አሠሪዎችሽ ዕረፍት ይሰጡሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽና ከመብራት ፈረቃው በቀር የጎደለብን የለም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። «ድስቴን አበላሸችው፤ ናዚፋ ድሮም ወጥ አይሆንላትም» ብለሽ ለአክስታችን በስልክ መናገርሽን ቡሬ ገበያ ውስጥ ያልሰማ የለም! እኔ? ለሠርጉ ለሰደቃው ነይ ሥሪልን እየተባልኩ የምለመነው እኔ? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! ስልኩ ካርድ እየጨረሰ አላናግር ስላለኝ፣ ለዑምራ በሚመጣው በጎረቤታችን በማህዲ እጅ ይህን ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያ አንቺ የላክሽው ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ለምን እንደመጣ አልረሳሁም። እናታችን ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ሥጋ ማኘክ ተስኗቸው፣ ሰው ፊት መብላት አፍረው፣ ወደ ግድግዳ ዞረው ነበር የሚቀምሱት። ሰውነታቸውም አልቋል። ታዲያ ለእሳቸው ስል ያልጣርኩት አለ? ሽንኩርቱን አስቀድሜ በከሰል አቁላልቼ፣ ድንቹን ከሥር፣ አጥንት ያለውን ሥጋ ከላይ አድርጌ፣ ውኃ ጠብ አድርጌበት፣ ከድኜ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ። ስመለስ ወጡ ቀጥኗል፣ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ነው። ሦስት ጊዜ! መጀመሪያ መብራቱን ረገምኩ። ቀጥሎ የወንድማችንን የሙሄዲንን ሚስት «ክዳኑን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ» ብዬ ተጣላኋት፤ ሳምንት ተኮራረፍን።

ባለፈው ማክሰኞ የረሳሁትን ቁልፍ ልወስድ ብመለስ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? እናታችንን! ክዳኑን በአንድ እጅ፣ ውኃ የሞላ ጣሳ በሌላው ይዘው። ምን ሆነው ነው ብላቸው፣ «እሳት የለው፣ አይንተከተክ፤ ውኃው ያለቀ መስሎኝ እንዳያርር ብዬ ነው» አሉኝ። በየሰዓቱ እየከፈቱ ሲጨምሩ ኖረዋል! ክዳኑ በተነሳ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ ሥጋውም መብሰሉን ያቆማል። እናትን ደግሞ ምን ይሏል?

ሐሙስ መብራቱ የእኛ ተራ ነበር። «ገዢ ያዩልኛል» ብዬ እናታችንን ሱቅ ወሰድኳቸውና እስከ አሥር ሰዓት አስቀመጥኳቸው። ቤት ገብተን ስከፍተው ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ተላቀቀ። መከለሻ ነስንሼ አቀረብኩ። እናታችን ከሙሄዲን ቤተሰብ ጋር፣ ከእኛ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ድገሚኝ አሉ! ከደስታዬ ብዛት ዕንባዬ መጣ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አወይ የዓቢዳ እጅ! ሲጣፍጥ!»

የዓቢዳ እጅ! ሽንኩርቱን ያቁላላሁ እኔ፣ ክዳኑን የጠበቅሁ እኔ፣ ከሰው የተጣላሁ እኔ! በይ አሁኑኑ ለአክስታችን ደውለሽ ቃልሽን መልሺ።

ሙሄዲን በጣም ሰላም ብሎሻል። ሚስቱም ሰላም ትልሻለች፤ ይቅርታ ጠይቄያት ታርቀናል። ልጆቹ «አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ያደርቁኛል። እናታችን ዱዓ እያደረጉልሽ ዓይንሽን ይስማሉ። እኔ ግን ተቀይሜሻለሁ። እጅሽ ያን ያህል የሚጣፍጥ ከሆነ፣ ነይና ራስሽ ሥሪላቸው።

እህትሽ ናዚፋ
ቡሬ፣ ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.